ፋናው የጠፋ ዕለት

ይህ የሆነው ዘምባር ገና ሁለት አምላክና አንድ ገበያ በነበራት ዘመን ነው። በመናገሻ ከተማዋ በአምበልታ፣ በወንዙ ወዲያና ወዲህ፣ ሁለት ቤተ መቅደሶች ፊት ለፊት ተያይተው ይኖሩ ነበር። በምሥራቁ ዳርቻ ያለው ቤተ ጎሕ ይባላል፤ የጎሕ ልጆች ፀሐይ ልትወጣ ስትል ከበሮ እየደለቁ የሚጸልዩበት ነው። በምዕራቡ ዳርቻ ያለው ደግሞ ቤተ ምንጭ ነው፤ የምንጭ ልጆች እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ የሚጸልዩበት።

በቤተ ጎሕ መሠዊያ ላይ ከነገሥታቱ ሁሉ ዕድሜ የሚበልጥ፣ አንድም ቀን ጠፍቶ የማያውቅ ፋና ነበር። የጎሕ ሕግ ለአምላክ የሚነደውን ነገር አማኙ በገዛ እጁ እንዲሠራው አይፈቅድም፤ ስለዚህ የፋናውን ፈትል የሚፈትሉት የምንጭ ሴቶች ነበሩ። የምንጭም ሕግ የተቀደሰው ውሃ የሚቀዳበትን ገመድ አማኙ እንዲገምደው አይፈቅድም፤ ገመዱን የሚገምዱት የጎሕ ሴቶች ነበሩ። ይህን ሕግ የደነገጉት የጥንት ሰዎች ምን አስበው እንደ ሆነ በየትኛውም ብራና ላይ አልተጻፈም። ሰውን ግን በደንብ የሚያውቁ ሰዎች እንደ ነበሩ አያጠራጥርም።

ፈታዮቹና ገማጆቹ በድልድዩ ጥግ ባለው ትልቅ ሾላ ሥር አብረው ይውሉ ነበር። ፈለቂት ልጅነቷን የምታስታውሰው በዚያ ጥላ ነው። እናቷ ካፊያ የፈታዮች አለቃ ነበረች፤ እንዝርቷ ሲሾር ምላሷም አብሮ ይሾራል፤ በጨዋታ የሚችላት አልነበረም። የጎሕ ሴቶች የተቆላ ሽምብራ ይዘው ይመጣሉ፤ የምንጭ ሴቶች በእንስራ ቀዝቃዛ ውሃ። ካፊያ «ከበሮ ካልተመታለት የማይሰማ አምላክ ይዛችሁ እንዴት ታዘልቁታላችሁ?» ስትል፣ ገማጆቹ ደግሞ ዝም ካላሉት የማይሰማ አምላክ ከየት እንዳመጣች ይጠይቋታል፤ ዝም ማለት ለእሷ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያውቃሉና። ፈለቂት አንድ ጊዜ የጎሕን መዝሙር ከገማጆቹ ተምራ በቤተ ምንጭ ዝምታ መሀል ስታንጎራጉረው ተያዘች፤ እናቷ ልትቆጣት ሞክራ ሳቅ አሸነፋት። ያ ዘመን እንዲህ ነበር። ያኔ ማንም ደግ ዘመን ብሎ አልጠራውም፤ ተራ ቀን ነበር።

በንጉሥ ቤዛር በዐሥራ ዘጠነኛው የንግሥና ዓመት፣ በጎሕ ታላቅ በዓል ንጋት፣ አዲስ ፈትል የተለወጠለት ፋና ሕዝቡ ሁሉ እያየው ተንቀጠቀጠ፤ ሰማያዊ ሆነ፤ ጠፋ። ከበሮዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ወፎች ከዛፎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሥተው ከተማዋን ጥለው ሄዱ ይባላል፤ ይህ እውነት ይሁን ፍርሃት የወለደው ወሬ አይታወቅም። የሚታወቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። «የምንጭ ሴቶች ፈትሉን ረግመውታል» የሚል ድምፅ ከመሀል ወጣ፤ ማን እንደ ተናገረው ኋላ የሚያስታውስ አልተገኘም። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ የጎሕ ልጆች ድልድዩን ተሻገሩ። በማግስቱ የምንጭ ልጆች ተሻገሩ። በሦስተኛው ቀን ንጉሡ ጦሩን በመሀላቸው ሲያቆም አምበልታ ሦስት መቶ ሙታን ነበሯት፤ ከእነርሱ አንዷ ካፊያ፣ አንዱ የንጉሡ የበኩር ልጅ ነበሩ።

ንጉሡ ልጁን ቀብሮ ሲመለስ ሁለቱን ወገኖች አስምሎ የአርባ ቀን ፋታ አገኘ። ሁለቱም ማሉ፤ በአርባ አንደኛው ቀን በአደባባዩ ተገናኝተው ደማቸውን እንደሚመልሱም በዚያው አፋቸው ማሉ። ከዚያ ንጉሡ ፈለቂትን አስጠራት። ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ፀጉሯን ለእናቷ ከተላጨች አራት ቀን እንኳ አልሆናትም።

«ፈለቂት ሆይ፣» አለ ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ፣ «ልጄን የገደለው የሰው እጅ አይደለም፤ እናትሽንም። የገደሏቸው ሁለቱ አማልክት ናቸው። ሰው ያለ አምላክ ቢተው ኖሮ በሰላም ይኖር ነበር። በሰሜን፣ ከሰባቱ ተረተሮች ባሻገር፣ የዝንጋዔ ሐይቅ አለ። ውሃውን የነካ ሰው አምላኩንና በአምላኩ ስም የሠራውን ሁሉ ይረሳል። በዕቃ ግን አይቀዳም፤ እንስራው እንስራነቱን ረስቶ ጭቃ ይሆናል፤ አቁማዳው ፍየል የነበረበትን ዘመን አስቦ ጠጉር ያበቅላል። ያን ውሃ ይዞ መምጣት የሚችል ክር ብቻ ነው፤ ክር የፈታዩን እጅ አይረሳምና። ፈትልሽን ነክረሽ አምጪልኝ። በፋናው ላይ እናነደዋለን፤ ጢሱ በከተማይቱ ላይ ይወርዳል፤ ሕዝቤም አማልክቱን ረስቶ ያርፋል።»

ፈለቂት ተንበርክካ በእናቷ መቃብር ማለች። በመሐላዋ የተናገረችው ስለ ሰላም ነው፤ በልቧ የያዘችው ግን ሌላ ነበር። በዚያ ዓመት የካፊያ ዓይን ፈዞ ነበር። ይህ ከታወቀ አለቅነቷ ለሌላ ስለሚሰጥ እናትና ልጅ ደብቀውት፣ የበዓሉን ፈትል በእናቷ ፈንታ ፈለቂት ፈተለችው። የፋና ፈትል ላላ ተደርጎ መፈተል አለበት፤ ከከረረ ዘይት አይስብም። ይህን ከሕፃንነቷ ጀምራ ታውቀዋለች። ነገር ግን እስከዛሬ ከተፈተለው ሁሉ ያማረ እንዲሆን ፈለገች፤ አሾረችው፣ ደግማ አሾረችው፤ እንደ ጥሩ የሸማ ድር ቀጭንና ጠንካራ ሆኖ ወጣ። እናቷ ልዳስሰው ስትላት እንድታምናት ለመነቻት። ፋናውን ያጠፋው እርግማን አልነበረም፤ የእሷ ኩራት ነበር። ይህንም ከእሷ በቀር የሚያውቅ ያለ አልመሰላትም። ጥፋቱ የአማልክት ከሆነ ግን የእሷ አይደለም፤ ሐይቁም ያን ፈትል ከልቧ ያጥብላታል።

ከሁለቱም ወገን ሰው ካልሄደ ሌላው አያምንምና፣ ንጉሡ ለጠባቂነት የሰጣት የጎሕ ወገን የሆነ አንድ ሽማግሌ የጦር አለቃን ነው። ስሙ ረፋዱ ይባላል። የጎሕ ልጆች ጎሕ ሲቀድ የተወለደን ሕፃን እንደ ምርቃት ይቆጥሩታል፤ የእሱ እናት ስታምጥ አድራ፣ ጎሕ አልፎ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ከብት ከተሰማራ በኋላ ወለደችው። ስሙም እስከ ስድሳ ዓመቱ ድረስ መቀለጃ ሆኖ ተከተለው። ጭምት ሰው ነበር። ጦሩን እንደ ምርኩዝ ይዞ ከፊቷ ይሄዳል፤ ገደል ሲያጋጥም እጁን ይዘረጋላታል፤ ዓይኗን ግን አያይም።

ሰባቱን ተረተሮች ለመሻገር ዐሥራ ሰባት ቀን ፈጀባቸው። በሁለተኛው ላይ ድምፅ የሚሰርቅ ነፋስ ነበር፤ እዚያ አንድ ቀን ሙሉ በምልክት ተግባቡ። በአራተኛው ላይ ነዘሮ የሚባሉት ክንፋም እባቦች ከዓለቱ ስንጥቅ ወጡባቸው። ረፋዱ በጦሩ አምስቱን ጣላቸው፤ ስድስተኛው ወደ ፈለቂት ሲወረወር ግራ ክንዱን ዘርግቶ በእሷ ፈንታ ተነደፈላት። ሁለት ቀን በትኩሳት ተኛ። ቁስሉን ከያዘችው ክር ቆርጣ ሰፋችለት፤ ሲያቃስት እንደ ልጅ ግንባሩን አበሰችለት።

በቀትር ዕረፍታቸው ያወሩ ነበር፤ የሚያወሩትም ስለ ቀድሞዋ አምበልታ ነው። ረፋዱ ወጣት ከበሮ መቺ ሳለ እንቅልፍ ጥሎት ከበሮውን ከድልድዩ ላይ ወደ ወንዙ እንደ ጣለው፣ የምንጭ ልብስ አጣቢዎች አውጥተው፣ አድርቀው፣ በሰልፍ ይዘው እየሳቁ እንደ መለሱለት ነገራት። እሷም የምንጭ ልጆች የጎሕን ከበሮ በየጠዋቱ እየተራገሙ በዚያው ከበሮ እንደሚነሡ፣ በበዓል ማግስት ከበሮው ሲያርፍ ምዕራቡ ዳርቻ ሁሉ አርፍዶ ላሞቹ ሳይታለቡ እንደሚጮሁ ነገረችው። እየሳቁ ይጀምሩና እየተከዙ ይጨርሳሉ። የሚናፍቁት ነገር ካለፈ ገና ወር እንኳ አልሆነም፤ ግን የአያቶቻቸውን ዘመን የሚያወሩ ይመስላቸው ነበር። አንድ ቀን እናቷን ያውቃት እንደ ሆነ ጠየቀችው። የማያውቃት እንዳልነበረ መለሰላትና ተነሥቶ ጓዙን አነሣ።

ከሰባተኛው ተረተር ማዶ፣ በሐይቁ ዳር፣ ዝንጉ የምትባል መንደር አገኙ። ሰዎቿ ከሐይቁ ስለሚጠጡ አምላክ የሚባል ነገር ጨርሶ አያውቁም፤ ፈለቂት ስለ ጸሎት ስትጠይቃቸው ቃሉን በአፋቸው እያገላበጡ ሳቁ። እንግዳ ተቀባዮች ነበሩ። ዓሣ ጠበሱላቸው፤ የረፋዱን ክንድ በመድኃኒት ቅጠል አሰሩለት። ፈለቂት ንጉሡ እውነቱን ነው ብላ አሰበች፤ ልቧም ከብዙ ቀን በኋላ ቀለል አላት።

በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ጩኸት ሰሙ። የመንደሩ ሰው እኩሌታ ችቦ ይዞ የአንድ ሸክላ ሠሪ ቤት ከቦ ነበር፤ ሰውየውም ሚስቱም ውስጥ ነበሩ። ረፋዱ ሰዉን ገፍትሮ፣ በሩን ሰብሮ ሚስቲቱን አወጣት፤ ሸክላ ሠሪው አልተረፈም። ትናንት ዓሣ የጠበሰችላቸው ሴት ችቦዋን መሬት ላይ እያሸች ታጠፋው ነበር። ፈለቂት ሰውየው ምን እንዳጠፋ ጠየቀቻት።

«የእሱ ደጅ ወደ ገደሉ ነው የሚያየው፣» አለች ሴቲቱ፣ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ እየገረማት። «የእኛ ደጅ ወደ ሐይቁ ነው። ደጃቸው ወደ ገደል የሆነ ሰዎች እንዴት ያሉ እንደ ሆኑ አንቺ አታውቂም።»

እንዴት ያሉ እንደ ሆኑ ስትጠየቅ ግን መናገር አልቻለችም። እጇን ታጥባ ወደ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ውሃው ሲወርዱ የሐይቁ ጠባቂ፣ አውራሪት የምትባለው ግዙፍ አውሬ፣ ከጭጋጉ ወጣች። ቁመቷ የቤተ መንግሥት በር ያህላል፤ ጀርባዋ ሣር አብቅሏል፤ በአንድ ቀንዷ ላይ ወፎች ጎጆ ሠርተውበታል። ድምፅዋ እንደ መጠኗ አልነበረም፤ ዝቅ ያለና የደከመ ነበር። መውሰድ እንዳልተከለከለ፣ ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ አስቀድሞ ውሃውን በእጁ መንካት እንዳለበት ነገረቻቸው፤ ሰው በሌላው ላይ የሚያደርገውን በራሱ ላይ ማየት ይገባዋል አለች።

ረፋዱ አላመነታም። ተንበርክኮ እጁን እስከ ክርኑ ነከረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የጎሕን መዝሙር ለመጨረሻ ጊዜ እያለ ነው። በመሀሉ ቆመ። ቀጣዩን ቃል የሚፈልግ ይመስል ወደ ምሥራቅ አየ፤ የወጣችውን ፀሐይ እንደ ማንኛውም ብርሃን አያት። ከዚያ ጠበቀ። ብዙ ጠበቀ። ቀስ በቀስ ፊቱ ላይ ፍርሃት መጣ።

«አምላኬ ሄዷል፤ የቀረኝ ስሙ ብቻ ነው፣» አለ። «ያ ቀን ግን አልሄደም።»

«ውሃው የሚወስደው ለአምላክህ ብለህ የሠራኸውን ነው፣» አለች አውራሪት። «የቀረው የራስህ ነው።»

ረፋዱ ጠጠሩ ላይ ተቀመጠ። ከአምበልታ ከወጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈለቂትን ዓይን አየ።

«እናትሽን የገደልኋት እኔ ነኝ፣» አላት። «ድልድዩን እንድጠብቅ የታዘዝሁት እኔ ነበርሁ። ሲሻገሩ አብሬ ተሻገርሁ። ለጎሕ ክብር ነው አልሁ፤ ለራሴም እንዲሁ ነገርሁት፤ አመንሁትም። ካፊያ ደጇ ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗ ወደ እኔ ነው፤ ግን አላወቀችኝም፤ ‹ማነህ?› አለች። ከሃያ ዓመት በፊት በገበያ መሀል በስሜ ቀልዳብኝ ነበር። ጎሕ ጠብቆት ጠብቆት ሰልችቶት የሄደ ልጅ አለችኝ፤ ገበያው ሁሉ ሳቀ። ጦሩን ሳነሣ ስለ ጎሕ አላሰብሁም፣ ልጄ። ስለዚያ ሳቅ ነው ያሰብሁት። ይኸው አምላኬ እንኳ ከልቤ ወጥቶ ሳቁ እዚያው አለ።»

ጦሩ በመካከላቸው ተጋድሞ ነበር። ፈለቂት አነሣችው። ረፋዱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀ። ልትወጋው እጇን እንዳነሣች ፈለቂት አልካደችም፤ በኋለኛው ዘመኗ ስለዚህ ስትጠየቅ እጇን የያዛት ደግነት እንዳልነበረ ትናገር ነበር። የያዛት ፈትሉ ነው። እናቷን የገደለው የእሱ ቂም ከሆነ፣ መንገዱን የጠረገለት የእሷ ኩራት ነው። እሱ የራሱን ተናገረ፤ እሷ ገና አልተናገረችም። ጦሩን እንደ ያዘች ስለ ፈትሉ ሁሉንም ነገረችው። ረፋዱ ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ክሩን አልነከረችም። አምበልታ አማልክቷን ብትረሳ ቂሟና ኩራቷ በቦታቸው እንደሚቀሩ በዝንጉ አይታለች። በሾላው ሥር የነበረው ጨዋታ ግን ከአማልክቱ ጋር ይጠፋል፤ ከበሮውም፣ ዝምታውም፣ ካፊያ የምትቀልድበትም ነገር ሁሉ። ያን አሳልፋ ለመስጠት አንጀቷ እምቢ አላት።

በመልሱ መንገድ ሦስት ቀን አላናገረችውም። ጦሩን እሷ ተሸከመች፤ እሱ ባዶ እጁን ከኋላዋ ይከተላል። ከልማድ የተነሣ ጎሕ ሲቀድ ይነቃና ለምን እንደ ነቃ ሳያውቅ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይቀመጣል። ይህን ስታይ ለእናቷ ያላለቀሰችውን ያህል አለቀሰች። በአራተኛው ቀን የጎሕን መዝሙር አንጎራጎረችለት። ማን እንዳወጣው ጠየቃት፤ የእሱ ወገኖች እንደ ሆኑ ነገረችው። ቆንጆ ዜማ እንደ ሆነ ነገራትና እንድትደግምለት ለመናት።

አምበልታ የደረሱት በአርባ አንደኛው ቀን ጠዋት ነው። በአደባባዩ በአንድ ወገን የጎሕ ልጆች፣ በሌላው ወገን የምንጭ ልጆች፣ ጦር ይዘው ተሰልፈዋል። በመሀል ንጉሡ ከጥቂት ወታደሮች ጋር ቆሟል። ፈለቂትን ሲያያት ፊቱ በራ፤ እጁን ዘረጋ። ደረቁን ክር መዳፉ ላይ አኖረችለትና ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«የአምበልታ ሰዎች፣ ስሙኝ፣» አለች። «ፈትሉን የረገመው የለም። የፈተልሁት እኔ ነኝ። አምሮ እንዲታይልኝ ብዬ አክርሬ ፈተልሁት፤ ዘይት አልሳበም፤ ጠፋ። ምንጭ አላዘዘችኝም፤ ጎሕም አልተቆጣም። ሦስት መቶ ሰው የሞተው በእኔ ኩራትና አስቀድሞ በእናንተ ልብ ውስጥ ተቀምጦ በነበረው ነገር ነው። እያንዳንዳችሁ ጦራችሁን ያነሣችሁ ዕለት ምን እንዳሰባችሁ ታውቁታላችሁ።»

ከዚያ ጉርምርምታ ተነሣ። አርባ ቀን ሙሉ ቁጣውን ሲያበስል የኖረ ሕዝብ አንዲት ሴት ተገኘችለት፤ ከጎሕም ከምንጭም ወገን ድንጋይ የጨበጡ እጆች ብቅ ብቅ አሉ። በዘምባር ታሪክ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር ላይ ያን ያህል ተስማምተው አያውቁም። ረፋዱ ያን ጊዜ ከፊቷ ቆመ።

«ፈትሉ ያጠፋው ፋናውን ነው፣» አለ። «ካፊያን የገደልኋት እኔ ነኝ። ጎሕ አልላከኝም። ስሙን የለበስሁት ቂሜ ራቁቱን እንዳይታይ ነው። የሰማችሁኝ ሁሉ የየራሳችሁን ግለጡ።»

የካፊያ ታናሽ ወንድም ጅረቱ ከምንጭ ልጆች ሰልፍ ወጥቶ ጦሩን ወረወረ። አንዲት ቃል አልተናገረም፤ የምንጭንም ስም አልጠራም። ጦሩ ረፋዱን ደረቱ ላይ አገኘው። ፈለቂት ጭንቅላቱን በጭኗ ተቀበለችው። ዓይኑን እያየችው አረፈ።

የጎሕ ልጆች በአንድ ጊዜ ተነቃነቁ። ከፊታቸው ሊቀ ጎሕ አንጋራ ወጣ፤ የቤተ መቅደሱ አለቃ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነው። በትሩን ጥሎ በሁለቱ ሰልፎች መካከል መሬት ላይ ተጋደመ።

«ያን ጠዋት ፈትሉን በጣቴ ዳስሼዋለሁ፣» አለ። «መክረሩን ዐውቄ ነበር። ቤተ መቅደሱ በዚያ ቁጣ እንደ ሞላ ሞልቶ አያውቅምና ዝም አልሁ። ለዝምታዬ ጎሕ ይፍረድብኝ። ዛሬ ግን በስሙ እከለክላችኋለሁ። የሚያልፍ ካለ በእኔ ላይ ይርገጥና ይለፍ።»

ማንም ሊረግጠው አልደፈረም። ነገር ግን ጦሮቹ አልወረዱም፤ የረፋዱ ደም እዚያው ትኩስ ነበርና። በዘምባር ሕግ የሟች ደም የሚጠየቀው ሬሳውን ባነሣው ሰው ነው። ሬሳውን የእኔ ነው ብሎ ያነሣ ሰው እንደ ልጅ ያለቅስለታል፣ ይቀብረዋል፣ ደሙን መጠየቅም መተውም የእሱ ብቻ ይሆናል። ሰው ደግሞ የሁለት ቤት ልጅ ሊሆን አይችልም፤ እንዲህ ያደረገ የወላጆቹን ስም ይተዋል፤ በመቃብራቸው ላይ ቆሞ እንዲያለቅስም አይፈቀድለትም። ረፋዱ ልጅ አልነበረውም። የጎሕ ጎልማሶች ሬሳውን ሊያነሡ ከሰልፉ ወጥተው ሲመጡ ደሙንም አብረው ሊያነሡ እንደ ሆነ አደባባዩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ፈለቂት ሲመጡ አየቻቸው። አጎቷን ጅረቱን አየችው፤ ምን ልታደርግ እንደ ሆነ ገብቶት ራሱን እየነቀነቀ ለመናት። የእናቷን ስም በልቧ ጠራች። ከዚያ እጇን በረፋዱ ደረት ላይ አኖረች።

«ሬሳው የእኔ ነው፣» አለች። «አባቴ ነው። ደሙን ትቻለሁ።»

ጎልማሶቹ ቆሙ። ከሁለቱ ሰልፎች የመጀመሪያው ጦር ሲወርድ የማን እንደ ነበር አልታወቀም፤ ቀስ በቀስ ግን ሁሉም ወረዱ። ንጉሥ ቤዛር ደረቁን ክር በጣቱ እያፍተለተለ ብዙ ቆመ። አርባ ቀን ሙሉ ልጁን የገደለ አምላክ ሲከስ ኖሯል፤ አሁን የቀረው ልጁን የገደለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ምናልባት ከፊቱ ከቆሙት አንዱ። መሬት ላይ ተቀምጦ በሕዝቡ ፊት አለቀሰ። እሱን አይተው ሌሎችም ማልቀስ ጀመሩ።

ፈለቂት ረፋዱን በምሥራቁ ዳርቻ፣ በጎሕ ሥርዓት ቀበረችው። አርባ ቀን በቤቱ ሐዘን ተቀመጠች። በመጀመሪያው ቀን ልጅ የምትጮኸውን ጩኸት መጮኽ ነበረባት፤ «አባቴ» የሚለው ቃል ግን ከአፏ አልወጣም። ከፊቷ ደጋግሞ የሚመጣው እናቷ ደጅ ላይ ቆማ «ማነህ?» ስትል ነው። የጎሕ ገማጆች መጥተው በዙሪያዋ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ የምንጭ ፈታዮች ድልድዩን ተሻግረው መጡ። ቃሉን እነርሱ ጀመሩላት፤ እሷ ተከተለቻቸው።

ፋናው ዳግም የበራው በእሷ ፈትል ነው፤ ሊቀ ጎሕ አንጋራ ሕዝቡ እያየው ዳስሶት ላላ መሆኑን ጮክ ብሎ ከተናገረ በኋላ። በሾላው ሥር ሴቶች ተመልሰው ተቀመጡ። ጨዋታው ግን የድሮው አልሆነም፤ አንዷ በሌላዋ አምላክ ልትቀልድ ትጀምርና ፊቷን አይታ ትተወዋለች። እንደ ቀድሞው ለመሳቅ አንድ ትውልድ ፈጀ። ከሩቅ አገር የሚመጡ መንገደኞች ፈለቂትን ጥፋቱ የአማልክቱ ነበር ወይስ የሰው ልብ ብለው ይጠይቋት ነበር። ይህን የሚጠይቅ ሰው አንዱን ከሶ ራሱ ነጻ ሆኖ ወደ ቤቱ መግባት የሚፈልግ ነው ብላ ትመልሳለች።

እስከ ዕለተ ሞቷ ፈለቂት ረፋዱ ተባለች። የካፊያ መቃብር ወደ ቤተ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር፤ በየዓመቱ በምንጭ በዓል ሌሎች ልጆች በየእናቶቻቸው መቃብር ላይ ቆመው ሲያለቅሱ እሷ ማለፍ ነበረባት። ሕጉ መቆምን ነው የከለከለው። ቀስ ብሎ መሄድን አልከለከለም፤ እሷም እዚያ ስትደርስ በጣም ቀስ ብላ ትሄድ ነበር።